ዳኛን ስለሚሾምና ስለሚሽር እጅ

በአገራችን ስለ ፍርድ የሚነገረው ተረትና ምሳሌ ስፍር ቍጥር የለውም። ብታስተውሉት ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን የሚናገረው ስለ ዳኛው ጠባይ ነው። ዳኛው አዳላ፤ ዳኛው መማለጃ በላ፤ ዳኛው እውነተኛ ነበረ፤ ዳኛው ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነበረ እንላለን። ይህን ዳኛ ማን ሾመው? ነገ የሚሽረው ማን ነው? ከወልቂጤ አንሥቶ ዘመድ ወደሌለው ወረዳ የሚልከው ደብዳቤ የሚጻፈው በማን እጅ ነው? ብለን ግን አንጠይቅም። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ቃል ከእናታችን ወተት ጋር ስለ ገባብን፣ ከዳኛው ራስ በላይ ያለውን እጅ እንደ ሰማይ ቈጥረን ቀና ብለን ሳናየው ብዙ ዘመን አለፈ።

ወጣቶች ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ክርክሬ «ዋናው ነገር መልካም ሰው መሾም ነው፤ የቀረው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው» ከሚሉት ሰዎች ጋር ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በዕድሜ የበሰሉና ለአገር የሚያስቡ ናቸው፤ ነገራቸውም ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን መልካሙን ሰው ማን ይመርጠዋል? ከተመረጠስ በኋላ መልካምነቱን ማን ይጠብቅለታል? ብትሏቸው መልስ የላቸውም። የጉራጌ ገበሬ ይህን ነገር ከነሱ ይልቅ ያውቀዋል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚፈልግ ተክል ነው፤ ተክሉን ተክሎ አጥሩን ሳያጥር የተኛ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ጃርቱንና ከርከሮውን ቢረግም የሚያዝንለት የለም።

ይህን የምጽፈው ጉብሬን እያሰብሁ ነው። ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ካረፈባት ወዲህ ከየአገሩ በመጡ ወጣቶች የተመላች ስፍራ ናት። ከነዚህ ወጣቶች መካከል ሕግ የሚማሩ አሉ። አንዳንዱ ጠበቃ፣ አንዳንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዳንዱም የወረዳ ዳኛ ይሆናል። ዳኛ የሚሆነው በትምህርት ቤት ብዙ ፈተና አልፏል፤ ዋናው ፈተና ግን ገና አልመጣም፤ ሲመጣም በወረቀት ላይ ታትሞ አይመጣም።

እንበልና፣ የአንድ የወረዳ ሹም ወገን የሆነ ሰው የአንዲት ባልቴትን የእንሰት ድንበር ገፍቶ ተከሰሰ። ማስረጃው የባልቴቷ ነው። ችሎቱ ነገ ነው። ዛሬ ማታ የዳኛው ስልክ ይጮኻል። ደዋዩ «እንዲህ ብለህ ፍረድ» አይልም፤ እንዲህ የሚል ሞኝ በዚህ ዘመን ጥቂት ነው። «እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ቤት አገኘህ ወይ? ባለቤትህስ ሥራዋን ወደዚህ አዛወረች? ያ የነገው ጉዳይ ደግሞ ትንሽ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው አሉ» ብሎ፣ ደኅና እደር ብሎ ይዘጋል።

ዳኛው በዚያች ሌሊት የሚያገላብጠው የሕግ መጽሐፉን አይደለም፤ የሕጉን ነገር ያውቀዋል። የሚያገላብጠው አንዲት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፣ ይህ ሰው ምን ሊያደርገኝ ይችላል? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ባልቴቷ መሬቷን ታገኛለች። መልሱ «ብዙ ነገር» ከሆነ ግን ባልቴቷን ሊያድናት የሚችለው የዳኛው ጀግንነት ብቻ ነው። ጀግንነት ደግሞ እንደ ግብር በየዓመቱ ከሰው ሁሉ የሚሰበሰብ ነገር አይደለም።

ጀግና ዳኛስ በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው በቀረቡ ጊዜ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ዋስትናቸውን ሳያጣጥሙ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግም በጥድፊያ ወጣ። ዳኛዋ በኋላ ከዳኝነት ወጥተው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፤ ታሰሩ፤ ተሰደዱ፤ ተመልሰውም በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚተርከው የጀግንነት ታሪክ አድርጎ ነው፤ ጀግንነትም ነው። እኔ ግን ስሰማው የሚሰማኝ ሐፍረት ነው። አንዲት ወጣት ዳኛ የዕለት ሥራዋን በመሥራቷ፣ ማለት ሕጉን አንብባ «ዋስ ጠርቶ ይውጣ» በማለቷ ብቻ በአገር ምድሩ ስሟ የተጠራው፣ ሥራው አጥር ያልነበረው ስለ ሆነ ነው። ዳኛ ሕግን ሲፈጽም ሰው ሁሉ የሚደነቅበት አገር፣ ዳኛን የሚጠብቅ ነገር የጠፋበት አገር ነው።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። በቀድሞው ዘመን ዳኝነት የሹመት አንድ ክፍል ነበረ፤ አገር የሚገዛው ሰው እርሱ ራሱ ይፈርድ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. በኋላ ዘመናዊ ፍርድ ቤት በተቋቋመ ጊዜ እንኳ ጠቅላይ ግዛት የሚገዛው ሹም በጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤት በሰብሳቢነት ይቀመጥ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች ነጻ ናቸው፣ ከሕግ በቀር ለማንም አይገዙም ብሎ በግልጽ ጻፈ፤ ነገር ግን ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የመጨረሻውም አቤቱታ የሚሰማው በዙፋን ችሎት ነበረ። ነጻነቱ በአንድ አንቀጽ ተሰጥቶ በሌላው አንቀጽ ተመልሶ ይወሰድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የመጣው ደርግ ደግሞ ይህን ድካም ሁሉ አልፈለገውም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ።

እዚህ ላይ ስለ ሕዝባችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። «የኛ ሕዝብ ሕግ አያከብርም» የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ፤ ሐሰት ነው። ሁለት ጠበኞች በመንገድ ላይ ተገናኝተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ቢል ሌላው የቆመበትን የማይለቅበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ያለ ዘበኛና ያለ ፖሊስ፣ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ የሚሄዱበት አገር ይህ ነው። ሕግን ማክበር ከታች ሞልቶ ነበር። የጎደለው ከላይ ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ የሚባል ነገር ተጻፈ፤ በአዋጅ ቁጥር 24/1988 የፌዴራሉ ጉባዔ ተቋቋመ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አቋቋሙ። ወጣቶች ሆይ፤ የብዙ ሚኒስትሮችን ስም በቃላችሁ የምትዘረዝሩ ናችሁ፤ የዚህን ጉባዔ ሥራ ግን ከመካከላችሁ ስንቱ ያውቃል? ለዳኝነት የሚታጨውን ሰው የሚመለምለው፣ በዳኛ ላይ የሚቀርበውን የሥነ ምግባር ክስ የሚሰማው፣ ዳኛን ከቦታ ወደ ቦታ የማዛወር ሥልጣን ያለው ይህ ጉባዔ ነው። ሹመቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው፤ ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለክልሉም የክልሉ ምክር ቤት። ዳኛ ከጡረታው በፊት ሊነሣ የሚችለው ሥነ ምግባር ሲያፈርስ፣ ችሎታና ትጋት ፈጽሞ ሲጎድለው ወይም ሕመም ሥራውን ሲከለክለው ነው፤ ያም ቢሆን ጉባዔው ወስኖ፣ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ካላጸደቀው አይሆንም። የጉራጌ ዞን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለ ሆነ፣ የጉብሬን ባልቴት ጉዳይ የሚሰማው ዳኛ የሚያልፈው በዚህ ክልል ጉባዔ እጅ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ታዲያ ጠቡ ምን ላይ ነው? ጠቡ በጉባዔው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

በ1988ቱ አዋጅ የፍትሕ ሚኒስትሩ ራሱ የጉባዔው አባል ነበረ። ይህን ነገር ረጋ ብላችሁ አስቡት። ዐቃቤ ሕጉ የሚታዘዘው ለሚኒስትሩ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ በየቀኑ ከዳኛው ፊት ቆሞ «ይቀጣልኝ» ይላል፤ ዳኛው አይቀጣም ቢል የዚያ ዐቃቤ ሕግ አለቃ ስለ ዳኛው ዕድገትና ቅጣት በሚመክረው ጉባዔ ውስጥ ተቀምጧል። በገበያ ላይ ሚዛኑን የሚይዘው ነጋዴው ራሱ፣ ሚዛን መርማሪውን የሚቀጥረውም ያው ነጋዴ ቢሆን ከዚያ ገበያ ቡና የሚገዛ ሞኝ ማን ነው? አዋጁ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 684 ተሻሻለ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1233 ወጣ፤ በዚህም ዳኞች ከመካከላቸው የሚመርጧቸው ዳኞችና ከፍርድ ቤት ውጭ ያሉ የሕግ ሰዎች በጉባዔው እንዲቀመጡ ሆነ። ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው፤ አላቃልለውም።

ዳሩ ግን ጣራው እስከ ዛሬ ቀዳዳ ነው። የፌዴራሉን ጉባዔ በሰብሳቢነት የሚመራው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ለምክር ቤት የሚያቀርበው ደግሞ ጉባዔው ሳይሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 81 እንዲህ ብሎ ደንግጓል። በክልልም እንደዚሁ ርእሰ መስተዳድሩ ያቀርባል። ስለዚህ ለታናሹ ዳኛ ብዙ ማጣሪያና ምርመራ አለ፤ ለዳኞች ሁሉ አለቃ ግን የአንድ ሰው ምርጫ ይበቃል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ብዙ ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርሁ። በጥር 2015 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቁ፤ አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ተተኩ። የሁለቱን ስም የማነሣው አንዱን ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ሁለቱም የገቡት በአንድ በር መሆኑን እንድታዩልኝ ነው። «መልካም ሰው ይሾም» የሚሉት ወዳጆቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ መልካም ሰው በዚህ በር ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን በሩ መልካሙን ከክፉው አይለይም፤ የሚለየው የበረኛው ፈቃድ ነው።

«ሌላ በር ከየት ይመጣል?» ለሚል ሰው ጎረቤታችንን ኬንያን እጠቁመዋለሁ። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያወጡ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽናቸውን አጠነከሩ፤ የዳኞች ሁሉ አለቃ ለመሆን የሚፈልግ ሰውም ማመልከቻ አስገብቶ በዚያ ኮሚሽን ፊት፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየው፣ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ይጠየቅ ጀመር። ዶክተር ዊሊ ሙቱንጋ እ.ኤ.አ. በ2011 የተሾሙት በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ መንገድ የተሾሙት ዴቪድ ማራጋ የሚመሩት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት ሰረዘ፤ በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም ነበር። ሹማምንቱ በዚህ ተቈጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮሚሽኑ 41 ዳኞችን መርጦ ቢያቀርብ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ አልሾምም ብለው ስም ዝርዝሩን ሁለት ዓመት ያህል ይዘው ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 34ቱን ሲሾሙ ከቀሩት 6ቱ ወንበራቸውን ያገኙት የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት በመጣ ጊዜ ነው። እንግዲህ ኬንያም ገነት አይደለችም። ነገር ግን በኬንያ ፕሬዚዳንቱ የተጣላው ከማን ጋር እንደ ሆነ፣ ስንት ሰዎችንም እንዳስቀረ ሕዝብ ሁሉ በስምና በቍጥር አወቀ። በኛ አገር ግን ሳይታጭ የቀረውን ሰው ማን ቈጥሮት ያውቃል?

አሁን ወደ ወረዳችን እንመለስ፤ ከሹመት ይልቅ የሚያስፈራው ነገር ያለው እዚያ ነውና። ያ በሌሊት የሚደውል ሰው ዳኛውን እሽርሃለሁ አይለውም፤ መሻር ምክር ቤት ድረስ የሚሄድ ረጅም መንገድ መሆኑን ያውቃል። የሚያስፈራራው በዝውውር ነው። ዝውውር ቅጣት አይባልም። ደብዳቤው ሲመጣ ቃሉ ሁሉ ጨዋ ነው፤ «ለሥራው ጠቃሚ ሆኖ ስለ ተገኘ» ይላል። ሚስቱ በጉብሬ መምህርት ናት፤ ልጁ በዓመቱ መካከል ትምህርት ሊያቋርጥ ነው፤ አዲሱ ወረዳ የሚከራይ ቤት የለበትም። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልሰደበውም፤ ክስ የለበትም፤ ስለዚህም ይግባኝ የሚልበት የለም። የቀሩት ዳኞች ግን ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ ያውቁታል። አንድ ደብዳቤ አንድን ዳኛ ያንቀሳቅሳል፤ ዐሥሩን ደግሞ ባሉበት ያደርቃቸዋል። በዚህ ላይ የወረዳ ፍርድ ቤት ለወረቀቱና ለመኪናው ቤንዚን ሳይቀር የወረዳውን አስተዳደር ደጅ ሲጠና እንደ ኖረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሕገ መንግሥቱ ዝውውርን ለጉባዔው የሰጠው ይህን ስላወቀ ነው። ነገር ግን ሥልጣኑ የጉባዔው ነው ማለት ብቻ አይበቃም። ጉባዔው የዝውውሩን ደንብ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ዳኛ በአንድ ቦታ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ ሁሉም ይወቀው፤ ከተራው ውጭ የሚዛወር ዳኛ ቢኖር ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ቅር ያለውም ራሱ ጉባዔው ፊት ቀርቦ ይናገር። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከዚህም የከፋ አለ። በቅርብ ዓመታት ዳኞች በሰጡት ትእዛዝ ምክንያት በፖሊስና በጸጥታ ሰዎች ተያዙ የሚል አቤቱታ ከኦሮሚያም ከአማራም ክልል ተሰምቷል። እንዲህ ያለ ነገር በተሰማበት ዕለት በስሙ የዳኞች አስተዳደር ጉባዔ የሚባለው አካል ድምፁን ከፍ አድርጎ ካልተናገረ፣ የዳኛውን ነጻነት ለማን አደራ እንደ ሰጠነው እኔ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎቻችንን ዋና ነገር ልስማ፤ ባልሰማው ክርክሬ ዐመፅ ይሆናል። «ዳኛን ከሹም እጅ ብታወጡት ራሱን የቻለ ንጉሥ ይሆናል፤ ዳኛ ዳኛን ይሾማል፣ ዳኛ ዳኛን ይሸፍናል፤ እከክልኝ ልከክልህ ይሆናል፤ ጉቦኛውን ማን ይነካዋል?» ይላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ምሳሌ ያወጣው ሕዝብ ዳኞችንም አይቶ ነው ያወጣው።

ለጉራጌ ሰው የዚህን አደጋ መልክ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች የጆካ በሚባለው ስፍራ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ማንም ሚኒስትር ሳይሾማቸው፣ ማንም ደመወዝ ሳይከፍላቸው፣ በቅጫ ሕግ ሲፈርዱ ኖረዋል። ከሹመኛ እጅ ነጻ ዳኝነት ቢፈለግ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። በ19ኛው መቶ ዓመት ነበረች የምትባለው የቃቄ ወርድወት በዚህ ሸንጎ ፊት ቀረበች። በዚያ ጊዜ ወንዱ ሚስቱን ሲፈታ ሴቲቱ ግን ባሏን ልትፈታ አትችልም ነበርና፣ ሴት የወደደችውን እንድታገባ፣ ያልፈለገችውንም እንድትተው ይፈቀድ ብላ ተሟገተች። ታሪኩን ከሚያወርሱት ብዙዎቹ እንደሚሉት ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ፈቀዱላት፤ የሌሎች ሴቶች ጥያቄ ተከትሎ ሲመጣና ነገሩ የየራሳቸውን ደጃፍ ሲያንኳኳ ግን የሰጡትን መልሰው ነሱ። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ሲታይ ሰው ሁሉ ያጨበጨበው ለድፍረቷ ነው። እኔ የማስበው ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። ሐሰተኞች አልነበሩም፤ ጉቦም አልበሉም። ነገር ግን በሸንጎው የተቀመጡት ሁሉ ባሎች ነበሩ። የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ የተቀመጡበት ሸንጎ፣ ነገሩ የዚያን ወገን ጥቅም እስኪነካ ድረስ ብቻ እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ዳኞች ብቻ የተቀመጡበት ጉባዔም አልወድም። ሹመኛው ይውጣ ስል ሕዝቡ ይግባ ማለቴ ነው። ጠበቃው ይግባ፤ የሕግ መምህሩ ይግባ፤ ሴቶች ይግቡ፤ ሕግ ያልተማረ ግን በአገሩ ሰው የታመነ ሰው ይግባ። ወሬ እየሰማ ይንቀጠቀጣል እንጂ ዳኛ ከነዚህ ሰዎች አንዱ በሌሊት እንዳይደውልለት አይፈራም፤ ሊያዛውረው የሚችል ብቻውን ከመካከላቸው አንድም የለምና።

የጉባዔው መዘግየትም ራሱን የቻለ ክፋት ነው። በደቡብ አፍሪካ ጆን ህሎፌ በሚባሉ ከፍተኛ ዳኛ ላይ፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ዳኞች በአንድ ጉዳይ ላይ ሊያግባቡ ሞከሩ የሚል ክስ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ፓርላማው ከዳኝነት ያነሣቸው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው። 16 ዓመት ማለት በክሱ ጊዜ የተወለደ ልጅ በውሳኔው ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኗል ማለት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ሰውየው በዚያው ዓመት የምክር ቤት አባል ሆነው ዳኛ የሚመርጠው ኮሚሽን ውስጥ እንዲቀመጡ ተመረጡ፤ ፍርድ ቤት አገዳቸው፤ በኋላም ለቀቁት። ኮሚሽን አለን ብሎ መተኛት የት እንደሚያደርስ ይህ ይበቃል።

ወደ ጉቦኛው ዳኛ ልመለስ። በጉብሬም ሆነ በሌላ ስፍራ የተረታ ሰው ሁሉ «ዳኛው በላ» ይላል። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ አብዛኛው ግን የተረታው በማስረጃ ነው። ፍርዱ ስሕተት ነው የሚል ሰው መንገዱ ይግባኝ ነው፤ ከወረዳ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ። ዳኛው ገንዘብ ጠየቀኝ፣ የባላጋራዬ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ሳለ ከችሎቱ አልነሣም አለ፣ በችሎት ሰደበኝ፣ መዝገቤን ያለ ምክንያት ዓመት ሙሉ አሳደረው የሚል ሰው ደግሞ መንገዱ ወደ ጉባዔው ነው። ሁለቱን መንገድ የሚያደባልቅ ጉባዔ ከሌለ ጉባዔ የከፋ ነው። «ለምን እንዲህ ፈረድህ?» ብሎ ዳኛን የሚቀጣ ጉባዔ በሌሊት የሚደውለውን ሰው ሥራ በቀን ይሠራለታል። «ነጻነቴ ነው» እያለ እጁን የሚዘረጋውን ዳኛ ዝም የሚል ጉባዔ ደግሞ፣ ሹመኞች «ይኸው፣ እኛው ካልያዝነው አይሆንም» የሚሉበትን ምክንያት በገዛ እጁ ያቀብላቸዋል። የዳኛ ነጻነት ለዳኛው ተብሎ የተሰጠ አይደለም፤ ለዚያች ባልቴት ተብሎ የተሰጠ ነው።

ጽሑፌን ሳልጨርስ እናንተው ላይ አንድ ነገር እጥላለሁ። ለዳኝነት የታጩ ሰዎች ስም ለሕዝብ አስተያየት ይፋ የሚሆንበት ልማድ አለ። ስም ዝርዝሩ በወጣ ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ በቡና ቤት ተቀምጦ ዳኛ ሲያማ የከረመው ሰው ሁሉ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ቀኑ ያልፋል። በኋላም ያው ሰው ተሹሞ ሲመጣ ሐሜቱ ከቆመበት ይቀጥላል። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ አብሯችሁ የተማረ ነው፤ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆኖ፣ ወይም ጠበቃ ሆኖ በአገራችሁ ሲሠራ አይታችሁታል። መልካም ከሆነ መልካምነቱን ጻፉ፤ ይህም ይረሳል። ክፉ ከሆነ ያያችሁትን ጻፉ፤ የሰማችሁትን ተዉ። ጎሣውንና ሃይማኖቱን አታንሡ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ካለም የመዝገቡን ቁጥር አግቡ። ስማችሁን ፈርሙ። ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ቁጥር ከመዝገብ ቤት ተቀበሉ፤ አንድ ቅጂም በእጃችሁ ይቅር፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ስለዚያው ሰው ጉባዔው ፊት አቤቱታ ሲቀርብ «ማንም አልነገረን» የሚል አይጠፋምና።